የዘርፌ ድምፅና የአርባ አንድ እግዚኦታ አፈጻጸም

1.

ሠላሳ ስምንት ላይ ጠፋብኝ። ወይም ሠላሳ ስድስት ላይ። እንደገና ከአንድ።

2.

ሳይተዋወቁ መነጋገር ደስ አይለኝምና፣ አንባቢዬ፣ ማን እንደሆንኩ ልንገርህ። ላቀው እባላለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልተሠራ ሥራ በመቶኛ ስገልጽ ኖሬአለሁ።

ባለቤቴ ዘርፌ ሐሙስ ለእንቅርቷ ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። ሐኪሙ የድምፅ ነርቭ እዚያው አጠገብ ስላለ ድምፅዋ ሊሄድ እንደሚችል ነግሮናል። የዘርፌን ድምፅ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ለጥምቀት እሷ እልል ካላለች ታቦቱ የወጣ አይመስልም። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ቀስ ብለሽ ተናገሪ» ስላት ኖሬአለሁ።

3.

የንስሐ አባታችን መምሬ ኅሩይ እስከ ሐሙስ በየማለዳው አርባ አንድ እግዚኦታ እንዳደርስላት አዘዙኝ።

«በፍጹም ልብህ» አሉ።

ቁጥሩ ገባኝ። ልቡ በምን እንደሚለካ ስላልገባኝ ቅጽ አዘጋጀሁ።

4.

ቅጽ 01
ልብ ከጸሎት የወጣባቸው ጊዜያት (ሰኞ ማለዳ)

በ4ኛው እግዚኦ፦ ዘርፌ፣ ከጓዳ፤ «ላቀው! ውሃ መጣ፣ ጀሪካኑን!»

በ9ኛው፦ ያለፈው ሩብ ዓመት ሪፖርት፣ ሠንጠረዥ ሦስት። ድምሩ ተሳስቷል።

በ17ኛው፦ ዘርፌ፤ «ሹራብህን ገልብጠህ ነው የለበስከው!»

በ22ኛው፦ ዛሬስ ጥሩ አድርጌ እየጸለይኩ ነው ብዬ ራሴን አደነቅሁ።

በ30ኛው፦ ዘርፌ፣ ከጎረቤት ጋር፣ በአጥር ላይ፣ ስለ ሽንኩርት።

በ38ኛው (ወይም 36ኛው)፦ ቁጥሩ ጠፋ።

የልብ መገኘት፦ 54 ከመቶ

ዋና ችግር፦ የባለቤት ድምፅ

መፍትሔ፦

5.

ቃለ ጉባኤ። ሰኞ ከሰዓት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከጥዱ ሥር።

መምሬ ኅሩይ፦ ይኼ ምንድን ነው?

ላቀው፦ ሪፖርት ነው፣ አባ።

መምሬ ኅሩይ፦ ለማን?

ላቀው፦ ለእርስዎ። ግልባጭ ለእግዚአብሔር።

(መምሬ ኅሩይ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ።)

መምሬ ኅሩይ፦ ይኼ ሃምሳ አራትስ?

ላቀው፦ ልቤ ነው። እስከ ሐሙስ ሰማንያ አምስት ለማድረስ ታቅዷል።

መምሬ ኅሩይ፦ ዘርፌን ስታገባት ስንት ነበር?

ላቀው፦ ያኔ ቅጽ አልነበረም፣ አባ።

መምሬ ኅሩይ፦ እንግዲያው አሁንም ቅጹን ተው፣ ልጄ።

ላቀው፦ ትንሽ ማሻሻያ አድርጌበት…

መምሬ ኅሩይ፦ ተው አልኩህ።

6.

አልተውኩም። ባዶ ቦታ ያለበት ቅጽ አይቼ ማለፍ አልችልም። ቤት እንደገባሁ ከመፍትሔው ፊት ለፊት «በጸሎት ሰዓት ባለቤት ድምፅ እንዳታሰማ ማድረግ» ብዬ ጻፍኩ። ለዘርፌም ነገርኳት።

«ለኔ ድምፅ ልትጸልይ ነው እኔን ዝም የምታሰኘኝ?» አለች። «በጀ። ከሐሙስ በፊት ልለማመደው።»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። አንዳንድ ነገር እንደ ሠንጠረዥ ሦስት ነው፤ ስሕተቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ አይታየኝም።

7.

ቅጽ 01 (ማክሰኞ ማለዳ)

በ4ኛው፦ የለም።

በ17ኛው፦ የለም።

በ30ኛው፦ የለም።

አርባ አንዱም ሞላ።

የልብ መገኘት፦ 100 ከመቶ

8.

 

 

ዝም።

 

 

9.

ከላይ ያለው ባዶ ቦታ የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደለም፣ አንባቢዬ። ቤቴ ነው።

ውሃ መጥቶ ነበር። ማንም አልጠራኝም። ጀሪካኑ ሞልቶ ደጅ ላይ ሲፈስ ሰማሁት። ከሐሙስ በኋላ ቤታችን እንዲህ ሆኖ ሊቀር እንደሚችል ያኔ ገባኝና ፈራሁ። ስንት ጊዜ መቶ ከመቶ ብዬ ጽፌአለሁ፤ አንድም ቀን ፈርቼ አላውቅም ነበር።

ጓዳ ገባሁ። ዘርፌ ሽንኩርት ትከትፋለች። ጨረስክ ወይ እንደማለት በቅንድቧ ጠየቀችኝ።

«ጥሪኝ» አልኳት።

«ምን?»

«በስሜ ጥሪኝ። እንደ ወትሮው።»

«አጠገቤ ቆመህ?»

«አዎ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ላቀው!»

የጎረቤት ውሻ ጮኸ። እኔ ተመልሼ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ቆምኩ። ስንት እግዚኦ እንዳልኩ አላውቅም። የምቆጥርባቸው ጣቶቼ ፊቴን ሸፍነው ነበር።

10.

መመሪያ (በፍጹም ልቡ መጸለይ ለሚፈልግ)

ሀ. ወደ ምሥራቅ ዞረህ ቁም።

ለ. የምትጸልይለትን ሰው ዝም አታሰኝ።

ሐ. ሲጠራህ ሂድ፣ ጀሪካኑን አንሣ፣ ተመለስ። እግዚአብሔር ይጠብቅሃል። ውሃው ግን አይጠብቅም።

መ. ቁጥሩ ቢጠፋብህ እኔን አትጠይቀኝ።

11.

ሐሙስ። የሆስፒታል ኮሪደር።

ዘርፌ በአልጋ እየተገፋች ስትገባ ቀና ብላ «ዛሬም ገልብጠኸዋል» አለችኝ። ሹራቤን ነው። ሌላ ምንም ሳትል በሩ ተዘጋ። ሹራቡን አላስተካከልኩትም። ስትወጣ የምትናገረው ነገር ይኑራት ብዬ።

መምሬ ኅሩይ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደኔ ዘንበል አሉ።

«ስንት ደረስክ?»

«አላውቅም፣ አባ።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«እንግዲህ ጀመርክ» አሉ።

12.

ነርሷ ወጣች።

«ነቅተዋል። ይግቡና በስማቸው ይጥሯቸው። ይመልሱ እንደሆነ እንይ።»

ገባሁ። አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ዓይኗ ግን ገና ከበሩ ጀምሮ ሹራቤ ላይ ነው። እጇን ዘርግታ እጄን ያዘችኝ።

«ዘርፌ» አልኳት።

አፏን ከፈተች።

13.

 

 

 

14.

ቅጽ 01 (ሐሙስ)

ቁጥር፦ አልተያዘም።

የልብ መገኘት፦ አልተለካም።

የተሰማ ድምፅ፦ ……………………………

(ይኼን ባዶ ቦታ አንተ ሙላው፣ አንባቢዬ። የምጽፍበትን እጄን ይዛዋለች።)