አሥራ ሁለት ቤት

ስብሐት ከእስር ቤት ሲወጣ ሰፈሩ እልል አላለም። እልል የሚባልበት ዘመን አልነበረም፣ ልጆቼ። የአንዱ ልጅ ሲመለስ የጎረቤቱ ልጅ ገና አልተመለሰም፤ ወይም እስከ ነጭራሹ አይመለስም። ስለዚህ ሰው በየተራ እየገባ፣ "እንኳን ለቤትህ አበቃህ" ብሎ፣ ጉልበቱን ዳበስ አድርጎት ቶሎ ይወጣል። ስብሐትም ለሁሉም ራሱን ይነቀንቃል።

ሚስቱ ብርነሽ መጀመሪያ ድካም መስሏት ነበር። ይተኛ፣ ይብላ፣ ከዚያ ያወራል አለች። ስብሐት እኮ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነበር! ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኖ ሲሠራ፣ ቀን የለቀመውን ሁሉ ማታ በአፉ ይዞት ይገባል። የሠርጉን ጥሪ ከሙት ዓመቱ፣ የዕድሩን ደንብ ከመድኃኒቱ ማስታወቂያ እያደባለቀ ሆዷን እስኪያማት ያስቃት ነበር። አሁን ግን ምግብ ስታቀርብለት "እሺ"፣ ልጨምርልህ ስትለው "ይበቃኛል"። ከእነዚህ ሌላ ከአፉ ጠብ የሚል ጠፋ። እንጦጦ ጠበል ወሰደችው። ዝም ብሎ ተጠመቀ፣ ዝም ብሎ ተመለሰ።

"ተይው እቴ" አለቻት ጎረቤቷ የዓለምወርቅ። "ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም? የተናገሩትስ የት ደረሱ? የኔ ልጅ ይምጣልኝ እንጂ ዲዳ ሆኖም ይምጣ።"

የዓለምወርቅ ልጇን ከወሰዱባት ወዲህ የት እንዳለ የሚነግራት አላገኘችም። ለእንዲህ ያለች እናት "ባሌ አያዋራኝም" ተብሎ ስሞታ ይነገራል?

ሰኔ ሲገባ አንድ ጠዋት ብርነሽ ደጅ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ፈትል እያቀረበች ነው ያን ሁሉ ጊዜ ቤቱን ያቆየችው። ቀና ስትል ስብሐት ከበሩ ጥግ ቁጢጥ ብሎ በማንኪያ እጀታ መሬት ይቆፍራል። ትንንሽ ጉድጓዶች ናቸው፤ ስድስት በዚህ፣ ስድስት በዚያ። ከጓዳ እፍኝ ሽምብራ አምጥቶ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ እያደረገ ያስቀምጣል።

ገበጣ! ልቧ ዘለለ። ሰው መጫወት ካማረው መኖር አምሮታል ማለት ነው። ገበጣ ደግሞ ለብቻ አይጫወቱትም።

"እኔስ ልግባ?" አለችው።

ቀና ብሎም አላያትም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። የጉለሌን ሰኔ ታውቁት የለ፤ ጎርፉ ከእንጦጦ ሲንደረደር ድንጋይ አንከባሎ ነው የሚመጣው። ጉድጓዶቹን ደፍኖ፣ ሽምብራውን ጠራርጎ ወደ ቦዩ ነጎደ። ስብሐት ዝናቡ ውስጥ ተንበርክኮ ጭቃውን በሁለት እጁ እየዛቀ፣ ድምፅ የሌለው ልቅሶ አለቀሰ። የእናቱን ሞት ስታረዳው እንኳ እንዲያ ሲሆን አላየችውም። ጎትታ አስገባችው። ራሱን በነጠላዋ እያደረቀች በልቧ ማለች፦ ዝናብ የማይወስደው ገበጣ እሠራለታለሁ። ከዚያ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። ሲያሸንፈኝ ይስቃል፤ ሳጭበረብረው ይቆጣል፤ የተቆጣ ሰው ደግሞ ሳይወድ ይናገራል።

አባቷ ትተውላት የሞቱትን መሮ ከአልጋ ሥር አወጣች። ከማገዶው መሀል ወፍራሙን የባሕር ዛፍ ፍልጥ መረጠች። ጥጥ የለመደ እጅ መሮ ሲይዝ ወዲያው ውሃ ቋጠረ፣ ፈረጠ። በጨርቅ ጠቅልላ ቀጠለች። ጥቂት ቤቶች እንዳወጣች እንጨቱ ቋ! አለና ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ።

ስንጣሪውን በነጠላዋ ሸፍና ጋሼ ዋቅጋሪ ዘንድ ሄደች። ጋሼ ዋቅጋሪ ከዊንጌት ዝቅ ብሎ በርና መስኮት የሚሠሩ አናጢ ናቸው፤ ካልቀለዱ ሚስማሩ የሚገባላቸው አይመስላቸውም።

"ባሕር ዛፍ? ያውም በእርጥቡ?" አሉ እያገላበጡት። "አይ ብርነሽ! ባሕር ዛፍ እኮ ቂመኛ ነው። ዛሬ ዝም ይልሽና ሲደርቅ ነው የሚበቀልሽ። ገሩ ዋንዛ ነው።" ከጥግ አንድ የዋንዛ ጉማጅ ጎትተው አወጡ። "ለመሆኑ ስንት ቤት ልታወጪለት ነው?"

"አሥራ ሁለት።"

"አሥራ ሁለት ቤት!" መዶሻቸውን ቁጭ አደረጉት። "አንቺ ሴት፣ አዋጁን አልሰማሽም? አንዱን ኑሪበት፣ አሥራ አንዱን ትርፍ ቤት ብሎ ቀበሌ ይወርስሻል!"

ሁለቱም ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ሁለቱም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወደ በሩ ዞሩ። የሚያልፍ ሰው አልነበረም። ቢሆንም ጋሼ ዋቅጋሪ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"በመሮ ብቻ አትታገዪው። ፍም አስቀምጪበትና እፍ በዪበት፤ የከሰለውን ፋቂው። እሳቱ ይቆፍርልሻል።" መዶሻቸውን መልሰው አነሱና፣ "እሱስ? ተናገረ?" አሏት።

"ሊናገር ነው" አለች ብርነሽ፣ ዋንዛውን አቅፋ።

ክረምቱን ሙሉ ሠራችው። ፈትሏን ስታበቃ ፍም ታስቀምጣለች፣ እፍ ትላለች፣ ትፍቃለች። ጢሱ ዓይኗን አቀላው። የቤቶቹን ጥልቀት በዕንቁላል ለካች፤ ዕንቁላሉ እስከ ወገቡ ካልገባ ቤቱ አልደረሰም። ሻካራውን በብርጭቆ ስባሪ ፋቀች። ተሰልፋ ካመጣችው የቀበሌ ዘይት ጠብ አድርጋ እስኪያብለጨልጭ ወለወለችው። ስብሐት መደቡ ላይ ሆኖ ያያታል። አንዳንዴ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ዘር እንደሚዘራ ሰው ይንቀሳቀሳሉ። ያን ስታይ አበርትታ እፍ ትላለች።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲጠና፣ ገበጣውን በመሀላቸው አስቀመጠች። በየቤቱ አራት አራት ሽምብራ አደረገች፣ እንደ ደንቡ።

"በል ጀምር" አለችው። "ዋ! የአባቴ ልጅ ነኝ፤ አልምርህም።"

ስብሐት እንጨቱን በመዳፉ ዳሰሰው። ጣቱን በየቤቱ እየከተተ ዞረው። ከዚያ ሽምብራውን ሁሉ አፍሶ ጭኑ ላይ ሰበሰበና እንደገና ይደለድል ጀመር። እዚህ አንድ። እዚያ ሰባት። እዚህ ባዶ። የተበላውን ደግሞ ከገበጣው ውጭ በሁለት ወገን ከመረው። አላመነታም፤ ፊደል ሲለቅም እንደነበረው እጁ ቦታውን ያውቃል። ሲጨርስ እጆቹን ሰብስቦ ጠበቀ።

ብርነሽ ሌላ ዓይነት አጨዋወት መሰላት። ተራዬ ነው ብላ በእሷ በኩል ሰባት ወዳለበት ቤት እጇን ሰደደች።

አንጓዋን ጨምድዶ ያዛት።

"የዓለሜ ተራ ነው።"

ድምፁ የሌላ ሰው መሰላት። ስንት ወር የለመነችው ድምፅ መጣ፤ የጠራው ግን እሷን አልነበረም።

"ዓለሜ ማነው፣ ስብሐቴ?"

"እዚያ... ግቢው ውስጥ፣ በማንኪያ ቆፍረን ነበር የምንጫወት።" የሚያየው ሽምብራውን ነው። "በልጦኛል። ይቺን ሰባት ቢያነሳ ያልቅልኝ ነበር። ስሙን ጠሩት። ተነሳ። 'ጠጠሬን እንዳትነካ፣ አንተ ሌባ፤ መጣሁ' አለኝ። ስቆ ነው የወጣው።"

"እና?"

"እና ተራው የሱ ነው።"

ያን ቀን በጎርፉ ላይ ምን እንዳስለቀሰው ያኔ ገባት። ግን ተስፋ ጠላት ነው፤ ቶሎ አይለቅም።

"እኔ ልጫወትለት" አለችው። "እሱን ሆኜ ሰባቷን ላንሳ። ያሸንፍህና ይገላግልህ።"

ስብሐት ከእስር ቤት ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አያት።

"ካለቀ ሞተ ማለት ነው" አለ።

ምሳ ስታቀርብለት "እሺ" አለ። ልትጨምርለት ስትል "ይበቃኛል"።

ጋሼ ዋቅጋሪ መንገድ ላይ አገኟት። "እህሳ! ማን አሸነፈ?"

"ገና ነው፣ ጋሼ።"

"ቤቶቹንስ ቀበሌ ወረሰብሽ?"

"ሰው ገባባቸው" አለች። እሳቸው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ገበጣው መደቡ ላይ እንደተዘረጋ ወራት አለፉ። ዶሮ እንዳይለቅመው በሰፌድ ትከድነዋለች፤ ስብሐት ጠዋት ሰፌዱን አንስቶ ይቀመጣል፣ ይጠብቃል። በበጋው ማብቂያ አንድ ቀን ጎንበስ ብላ ስታይ በየቤቱ ግርጌ ስስ ዱቄት ተኝቷል። ሽምብራው ነቅዟል፤ ገሚሱ ተቦርቡሮ ቅርፊቱ ብቻ ቀርቷል። የጎረቤቷ የዓለምወርቅ ተረት ትዝ አላት። ዝም አይነቅዝም! ተረቱን የተረተው ሰው ይህን ዝምታ አላየውም።

ስብሐት ፊቱን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ወርዷል። ብርነሽ ከጓዳ ደህና ሽምብራ ይዛ መጣች። የነቀዘውን አንዱን ታነሳለች፣ በቦታው አዲሱን ትተካለች። ለአንዱ አንድ። ባዶውን እንደ ባዶነቱ ተወችው። ሰባቱ ቤት ስትደርስ ሰባቱን አንድ ላይ አፍሳ መዳፏ ላይ ያዘቻቸው። በጣም ቀላል ናቸው። ወደ ቀኝ ብትዘራቸው ጨዋታው ያልቃል። ዓለሜም ያርፋል፣ እሷም ታርፋለች። እሱስ?

የእግሩን ኮቴ ሰማች።

ሰባት አዲስ ሽምብራ ቆጥራ መለሰች። የነቀዘውን በቀሚሷ ጠርዝ ሸሸገች።

ስብሐት ገባ፣ ገበጣውን በዓይኑ ዞረው፣ አንድም እንዳልጎደለ አየና ተቀመጠ። ብርነሽም እንዝርቷን አንስታ ከጎኑ ተቀመጠች። ፊት ለፊቱ ያለውን ቦታ ለባለተራው ትታለት።