ያልተቀመጡት ሽማግሎች

«የሻው የሰው ሆድ ያውቅ ነበር» አሉ አንዲት እናት፣ ከድንኳኑ ጥግ ሆነው።

ሐረገወይን ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች። የአባቷ የየሻው ሰልስት ነው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ይህን ወሬ ስንት ጊዜ እንደሰማች ቁጥሩ ጠፍቷታል። አንዱ «ከሚስቴ አስታረቀኝ» ይላል፤ ሌላው «ደማችንን ያደረቀልን እሱ ነው» ይላል። የፀዳ ከተማ ሰው ሁሉ ሆዱን ለአባቷ ከፍቶ ኖሯል፤ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። የቀረበላትን ንፍሮ ገፋ አደረገችው።

እናቷ የሞተች ዕለት አባቷ «ፈተናዋን ትጨርስ፤ እንዳትነግሯት» ብሎ የዘመዱን አፍ ሁሉ አዘጋ። ሐረገወይን አዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ስትፈተን እናቷ አፈር ገብታ ነበር። መርዶውን የሰማችው በሃያኛው ቀን ነው።

«ማን ለምኖህ? የእኔን ልብ አንተ ነህ የምታውቀው?» ብላ ጮኸችበት። አባቷ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

ከዚያ ወዲህ ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይታ፣ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ስታስተምር አራት ዓመት ሞላት። ፀዳ ቅርብ ነው፤ እስከዚህ ለቅሶ ግን አልረገጠችውም። ሲደውል አታነሳም ነበር፤ እግር አለው ይምጣ ትል ነበር። ተማሪዎቿን ግን «ሰውን መረዳት ከመጠየቅ ይጀምራል» ትላቸዋለች።

«እኔን አላወቀኝም!» አለች አሁን፣ ድንኳኑ ሁሉ እየሰማ። «በአራት ዓመት አንድ ሰው እንኳ አልላከልኝም።»

የአባቷ የሽምግልና ጓደኛ አያ ይበልጣል ዱላቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። «ምነው እንዲህ ትያለሽ ልጄ? እኔና መለሰ መጥተን አልነበር?»

ትዝ አላት። አምና በጾሙ፣ ማለዳ፣ ሁለት ሽማግሎች ደጇ ላይ ቆመው ነበር። ሐኪም ቤት ቀጠሮ እንድታስይዝላቸው የመጡ መሰላት። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ብትል «አንቀመጥም» አሉ። ሻይ ብታቀርብ አልነኩትም። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት እንደማይቀመጥ ከልጅነቷ ታውቃለች፤ አባት ለገዛ ልጁ ሽማግሌ ይልካል ብላ ግን በሕልሟም አላሰበች። የናቋት መስሏት፣ ክፍል ረፍዶባት፣ «እንግዲያው ሌላ ቀን ኑ» ብላ በሯን ቆልፋ ሄደች።

«ምን ብሎ ነበር የላካችሁ?»

«‹በድያታለሁ፣ ይቅር ትበለኝ› ብሎ። አልተቀበለችንም አልነው።»

«እሱስ?»

«‹እውነቷን ነው› አለ። ደግማችሁ ሂዱልኝ አላለም።»

«ራሱ አይመጣም ነበር?»

«የበደለ ሰው ሽማግሌ ሳያስቀድም በምን ዓይኑ ይመጣል?»

«እናንተስ ምን ዘጋችሁ? አፍ አልነበራችሁም?» ድምጿ ተሰነጠቀ። አያ ይበልጣልን ብትመታቸው በወደደች።

«ሽማግሌ ሳይጠየቅ አይናገርም» አሉ ቀስ ብለው። «ምን አመጣችሁ ብለሽ መቼ ጠየቅሽን?»

ሐረገወይን ተነስታ ከድንኳኑ ወጣችና ወደ ቤቱ ሄደች። አባቷ ይቀመጥበት የነበረው መደብ ባዶ ነው፤ ጋቢው ታጥፎ ተቀምጦበታል። የበሩን ደፍ ሳትረግጥ ቆመች።

የአባቷ ጎረቤት እንኳየሁ መቀመጫ ዱካ ይዛ ተከተለቻት። «ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስሽ፤ ነይ ተቀመጪ የኔ እናት።»

«አልቀመጥም» አለች ሐረገወይን። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ፊቷን ወደ መደቡ አዙራ፣ ደጃፉ ላይ እንደቆመች ቀረች።