በወጥ ቤቱ መስኮት

የእንግዳ ማረፊያዋ እንደተዘጋ ለሴትዮዋ ያረዳት አማቿ ነው። ስልክ ጠጋኝ ነው። መንገደኞች ራሳቸው በነፃ የሚጽፉትን፣ ማንም ገብቶ የሚያርመውን የኢንተርኔት የጉዞ መመሪያ ከፍቶ አሳያት። ከቤቷ ስም ጎን “ተዘግቷል” ይላል።

“ማነው የዘጋኝ?” አለች። ለካ ክፍሎቹ ባዶ የከረሙት ለዚህ ነው። እንዲህ ከቀጠለ ቤቱን መሸጥ ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ደግሞ የቀራት ይኸው ቤት ብቻ ነው።

“አይቆጡ እማማ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ” አለና “በምድር ላይ ወደር የሌለው ምቾት” ብሎ ጻፈ። ተሰረዘ። “ንጉሣዊ መስተንግዶ” ብሎ ደገመው። ያም ተሰረዘ፤ ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል ነው የሚል ማሳሰቢያም ተከተለው።

ሴትዮዋ ጨሰች። “ደመወዝ የማይከፈለው ሰው የኔ ቤት ምን አግብቶት ነው?”

“የሰረዘውን ሰው ጠይቄው መልሶልኛል” አለ አማቿ አንገቱን ደፍቶ። “ሁለቴ መጥቼ በሩ ተቆልፎ ነበር፤ ባንኳኳ ባንኳኳ የሚከፍት ጠፋ፤ ክፍት ከሆነ በየት ነው የሚገባው? ይላል።”

“በየት ይባላል እንዴ? በጓሮ ዞሮ የወጥ ቤቱን መስኮት አንኳኩቶ ነዋ። ይህን የማያውቅ ማን አለ?”

አማቿ ዞሮ የተቆለፈውን የፊት በር ተመለከተ። እሷም አየችው። የፊት በሩን የቆለፈው ሌባ የፈራው ባሏ ነበር፤ ቁልፉን የት እንዳኖረው ሳይነግራት ሞተ። ሰፈሩ መስኮቱን ለምዶታል፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ግን ማን ነግሮት ያውቃል? ያን ሁሉ በሰው የተቆጣችው በከንቱ ነው። የምትናደድበት ሰው ማጣቷ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

“ቁልፍ ሠሪ ጠርተን እናሰብረው?”

“እሱ የቆለፈውን ማንም አይሰብርም። ይልቅ ጻፍ። በሩ አይከፈትም፣ በጓሮ ዞራችሁ መስኮቱን አንኳኩ። ደረጃው ያደክማል። ሙቅ ውሃ ጠዋት ብቻ ነው። አንሶላው ንጹሕ ነው።”

“እማማ፣ ይሄማ ሰው ያባርራል።”

“ያባርር።”

ጻፈው። ይኼኛውን ማንም አልሰረዘውም።

አንድ ቀን ከሰዓት ዝናብ ሲያባራ፣ ድስት እየፈተገች ለብቻዋ ስትነጫነጭ መስኮቱ ተንኳኳ። ሽበታም ሴት ናት፤ ሻንጣዋን በጓሮው ጭቃ ጎትታ ጫማዋን ጭቃ ውጦታል፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጨቅይቷል።

“ይቅርታ፣ በዚህ በኩል ኑ የሚል አንብቤ ነው” አለች ሴቲቱ፤ እንዳጠፋ ሰው ተሸማቃለች። “ውሃው ጠዋት መሆኑንም አይቻለሁ፣ ግድ የለም።”

የቤቱ ባለቤት ሻንጣውን ተቀበለቻት። ደግ ነገር ልትናገር አስባ “ቆይ እግርሽን ጥረጊ” ብቻ ከአፏ ወጣ። አንሶላ ልታመጣ ዞር ስትል እንባዋ ቀደማት፤ በራሷም ተናደደች።

በማግስቱ ያስጠራችው ቁልፍ ሠሪ መጣ። ብረቱ ሲሰበር ፊቷን አዞረች። ከዚያ አማቿ ዘንድ ደወለች።

“ጻፍ” አለችው። “በፊት በር ኑ።”