የላባው መጥረጊያ

ሁሉ እትዬ የሚላት የቤተሰቡ ታላቅ እህት ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት ባይ ናት። የላባ መጥረጊያ ከቦርሳዋ አይለይም፤ ከዘመዱ ሁሉ ይህን መጥረጊያ ያልቀመሰ ተክል የለም። ገና ሰላምታውን ሳትጨርስ የሰው ቅጠል ትደባብሳለች፤ ከዚያ ተደላድላ ተቀምጣ ቤት እንዴት እንደሚያዝ ታስተምራለች። ሰንብቶ ቅጠሉ ነጠብጣብ አውጥቶ ቢጫ ሲሆን፣ «ቤታችሁ እኮ ይታፈናል» ብላ ትፈርዳለች። ጥፋተኛዋ ራሷ ዳኛዋ መሆኗን የጠረጠረ አልነበረም።

የሟች ወንድሟ ሚስት ግን ጠርጥራለች። የባሏ ታናሽ ወንድም ቤት የደረቀውን አበባ ገልብጣ ስታየው፣ ከቅጠሉ ጀርባ እንደ ጭስ የሳሳ ድር አገኘች። ቀይ ሸረሪት የሚሏት፣ ከአቧራ ቅንጣት የማትበልጥ ተባይ ሥራ ነበር። ቀደም ብሎ እዚያ ቤት ማን እንደዞረ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

እሷ ቤት ያለው ተክል አንድ ብቻ ነው፤ ባሏ ከቁራጭ ያሳደገው ሐረግ። ከመጋረጃው ብረት ጋር በጫማው ማሰሪያ ያሰረው እሱ ነው። ስለ ማሰሪያው ለማንም አውርታ አታውቅም። ተባዩ ደረቅ ሙቀት ስለሚወድ ማሞቂያውን ከሐረጉ አራቀችው። ቅጠሉን፣ በተለይ ጀርባውን፣ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች፤ ከዚያ ነጭ ወረቀት ዘርግታ ቅርንጫፉን ታራግፋለች፤ የሚንቀሳቀስ ነገር እንዳለ ለማየት።

አንድ ቀን እትዬ ከበሩ እንደገባች መጥረጊያውን መዘዘች።

«እትዬ፣ እሱን ቦርሳዎ ውስጥ ያስገቡልኝ።»

«ምኑን?»

«መጥረጊያውን። ሐረጉን እንዳይነኩብኝ።»

«እኔ? አዝዬ ያሳደግሁት ወንድሜ የተከለውን?» እትዬ ሳቀች። «ጉድ እኮ ነው! የቅጠል ገላ የምታጥብ ሴት! ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የተማርሽው ይሄን ነው? ለወንድሜ እንኳ እንዲህ አልተንሰፈሰፍሽለትም!»

ቃሉ የት እንደገባ የወንድሟ ሚስት ፊት አልተናገረም። ነጭ ወረቀት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«እስቲ ያውሱኝ» አለችና መጥረጊያውን ከእትዬ እጅ ተቀብላ ወረቀቱ ላይ አራገፈችው።

«አቧራ ነው» አለች እትዬ። «መጥረጊያ ታዲያ ምን ሊይዝልሽ ኖሯል፣ ሽቶ?»

«መነጽርዎን ያድርጉ።»

አደረገች። ከአቧራው አንዷ ቅንጣት ከወረቀቱ ጠርዝ ወደ መሃል ተነቃነቀች። ሌላዋ ተከተለቻት።

«እትዬ፣ አቧራ ይራመዳል?»

«ከዚሁ ከአንቺ ቤት ይዞት ነዋ!»

«ገና ከቦርሳዎ ወጣ እኮ!» ሌላ ወረቀት ዘረጋችና ሐረጉን አራገፈች። ምንም የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ ተባዩን ያዘ፣ እትዬ ደግሞ ክርክሯን።

«የእኔን ሐረግ በየጠዋቱ በዚሁ ነው የምጠርገው» አለች እትዬ። «እንዳይበርደው ብዬ ከማሞቂያው አጠገብ...» አፏ ላይ ያለው ቃል ጆሮዋ ሲደርስ ቆም አለች። መነጽሯን አውልቃ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ጭራሽ እየደረቀብኝ ነው። እሱ እኮ ነው ቆርጦ የሰጠኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ከዚህኛው ትቆርጪልኛለሽ?»

ቤተሰቡን በሙሉ ስትወቅስ የኖረች ሴት እንዲህ ጎንበስ ማለት መቻሏን አይታ አታውቅም ነበር። ደስ አላላትም፤ አላሳዘናትምም።

«መጀመሪያ ቤትዎ ያለውን ከነአፈሩ ያስወጡ። የነበረበትን ቦታ በሳሙና ይወልውሉ። ከዚያ ይምጡ።»

«መጥረጊያዬስ?»

«እሱ ወደ ቆሻሻ ነው የሚሄደው።» የዓሣ ሆድ ዕቃ እንደሚጣል በላስቲክ ጠቅልላ አጥብቃ ቋጠረችው።

እትዬ ለመሄድ ተነሳች። አመል ግን ከላባ ጋር አብሮ አይቋጠርም፤ በሐረጉ ስታልፍ እጇን ወደ ማሰሪያው ሰደደች። «ይሄን አሮጌ ክር እንኳ በሪባን ብትቀይሪው...»

«እትዬ። እጅዎን።»

ድምፁ ከፍ አላለም። እትዬ ማሰሪያውን አየች፣ እሷን አየች፣ እጇን ሰበሰበች። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

በሩ ሲዘጋ ሴትዮዋ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ ጨርቁን አራሰች፣ ቅጠሉን ፊትና ጀርባውን አንድ በአንድ ወለወለች። ማሰሪያው ጋ ስትደርስ ጨርቁን አነሳች። እሱ አይታጠብም።