ቀንዳሙ ጊታር ለማን ነው?

ጊታር ሠሪው ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋበት ኤሌክትሪክ ጊታር ትከሻ እንዳይጫን የታሰበ ነበር። ጊታር ተጫዋቿ ታላቅ እህቱ በመኪና አደጋ ግራ ትከሻዋ ከተሰበረ ወዲህ መድረክ መውጣት ትታለች፤ የጊታር ማንገቻ ስታጠልቅ ፊቷ በሕመም ይጨማደዳል። እሱም እንጨቱን በመላጊያና በሞረድ ሲቀንስ፣ ሲቀንስ፣ መሃሉ ተቦርቡሮ ግራና ቀኙ ላይ ሁለት የሾሉ ቀንዶች ቀሩ። ድምፁንም ለስለስ አደረገው፤ መቼም የታመመ ሰው ጩኸት አይወድም ብሎ።

እሷ ግን «ጊታር በቃኝ፣ ተወኝ» ብላ ሱቁን መርገጥ ተወች። ሌላ ሰው ሲጫወተው ብታይ ልቧ ይነሳሳል፣ ከወደደችውም ሌላ እሠራላታለሁ ብሎ ወንድሟ ለሽያጭ አወጣው።

የሚስቱ ወንድም፣ ማስታወቂያ ሠሪው፣ ቀንዱን ሲያይ በደስታ ዘለለ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አውሬ ነው!» ጥቁር ቀባው፣ እሳት ሣለበት፣ መስኮቱ ላይም «ግድግዳ ያፈርሳል» ብሎ ለጠፈ። ጎረምሶች ጎረፉ። አንዱ፣ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ሰንሰለት የሆነ፣ ድምፅ ማጉያውን እስከ ጥግ ከፍቶ ክሩን መታው። ግድግዳው ቀርቶ መጋረጃውም ንቅንቅ አላለ። ጎረምሳው ጊታሩን ገልብጦ አየ፤ ቀጥሎ ሠሪውን አየ።

«ተበላሽቷል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

ጊታር ሠሪው ጊታሩን ተቀብሎ መስቀያው ላይ መለሰው።

«ችግር የለም፣ ገበያው ሌላ ነው» አለ ማስታወቂያ ሠሪው፤ ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ችግር አለ ብሎ አያውቅም። ጊታሩን የወተት ቀለም ቀባው። አዲሱ ማስታወቂያ ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ሶፋ ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አሉ፤ ከሥራቸው «ለደከመ ትከሻ» ይላል። ቀንዱ ግን እንደ ቆመ ነው፤ በሱቁ በር የሚያልፉ አሮጊቶችም ቀንዱን እያዩ ወደ ማዶ ተሻገሩ። ጊታር ሠሪው ምን እንደ ሠራ ለራሱም ጠፋበት። አውሬ ነው? ትራስ ነው?

በሳምንቱ እህቱ ራሷ ከተፍ አለች።

«እኔ ነኝ ይቺ?» አለችው፣ በጣቷ የአሮጊቷን ፎቶ እየነካች።

«ኧረ እትዬ፣ እኔ ምኑንም አላውቅ!»

«ያንን እሳት ያለበትን በመንገድ ሳልፍ አይቼው ልቤን ሰርቆት ነው የመጣሁት። የት አለ?»

«ያው ይሄ ነው፤ ቀለሙ ተቀየረ እንጂ» ብሎ አወረደላት።

ማንገቻውን አጠለቀች። ፊቷ እንዳለ ነው፤ አልተጨማደደም። ጊታር ሠሪው ደስታው እንባ ሆኖ መጣበት። እሷ ድምፅ ማጉያው ላይ ሰክታ ክሩን መታችና ጆሮዋን ጣል አደረገች፤ ደግማ በኃይል መታችው።

«ድምፁን ምን ዋጠው?»

«እኔ ነኝ ዝቅ ያደረግኩት። ያምሻል ብዬ…»

«የተሰበረው ትከሻዬ ነው፤ ጆሮዬን አመመኝ አልኩህ?»

አላለችም። ትከሻዋ ስንት ግራም እንደሚችል ልቅም አድርጎ ያውቃል፤ ምን መጫወት እንደምትወድ ግን አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም። አፈረ፤ መላጊያውን ያለ ምክንያት አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ታዲያ ምን ዓይነት ድምፅ ነው የምትፈልጊው?» አላት፣ በሁለት ዓመቱ።