አናጺው፣ ቀያሿና መንገዱ

አናጺው የሥራ ቤቱ በር ላይ ሜትር ይዛ የቆመችውን ቀያሽ ሲያይ መጋዙን አስቀመጠ። ቀያሿ የገዛ ልጁ ናት። ማዘጋጃ ቤቱ በሰፈሩ መሃል የሚያወጣው መንገድ ሥራ ቤቱ ላይ እንደሚያርፍ ከሰማ ሰንብቷል፤ የምትለካው እሷ ትሆናለች ብሎ ግን አልጠረጠረም።

"ሌላ ሰው መጥቶ ከሚለካብህ እኔ ልምጣ ብዬ ነው፣ አባዬ" አለችው።

ወደ መጋዙ ሊመለስ ዞረ። ብቻዋን መሆኗን ሲያይ ግን አንጀቱ አልችል አለና እያጉረመረመ የሜትሩን ጫፍ ያዘላት። መስመሩ ሥራ ቤቱን ለሁለት ገመሰው።

ምሳ ላይ ጭቅጭቁ ተነሣ። እሱ የሥራ ቤቱን እያንዳንዷን ድንጋይ በገዛ እጁ አንሥቶ መካቡን አወራ፤ ቤቱን የፈለገ እንደማንኛውም ገዢ መጥቶ ይጠይቅ፣ መንግሥትም ቢሆን፤ ሰው በአንዲት ወረቀት ከቤቱ የሚነሣ ከሆነ ማን ደክሞ ይሠራል አለ። እሷ ደግሞ አንድ ሰው እንቢ ባለ ቁጥር ሰፈር ሙሉ ተዘግቶ ይኑር ወይ ብላ ሞገተችው። እናቷ እግሯን የተሰበረች ቀን አምቡላንሱ መግባት አቅቶት፣ እሱ ራሱ በር ነቅሎ፣ ጎረቤት በበሩ ላይ ተሸክሞ እንዳወጣት አስታወሰችው።

"በእኔ እግር አትከራከሩ፤ ብሉ" አለች እናት።

ከወር በኋላ የካሳው ግምት ከማዘጋጃ ቤቱ ገማቾች መጣ። ሥራ ቤቱ "ጊዜያዊ መጠለያ" ተብሎ ተጽፏል። አናጺውን ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ስያሜ አንገበገበው። ለካሳ ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ አቤት አለ። በቀጠሮው ቀን ኮሚቴው ቀያሿን ሲጠራ ስለ ቤቱ መጨነቁን ትቶ ስለ ልጁ እንጀራ ይጨነቅ ጀመር።

እሷ ማስታወሻዋን ገልጣ፣ መሠረቱ ድንጋይ መሆኑን፣ የግንባታ ፈቃድ እንዳለው አንድ በአንድ አስረዳች። ከመንገዱ መስመር በማዶ በኩል የማዘጋጃ ቤቱ የራሱ ባዶ ቦታ እንዳለም በካርታው አሳየች።

"መንገዱ ያስፈልጋል" አለች። "ግን የሰው ቤት መጠለያ ተብሎ አይወሰድ። ቤት ነው፤ እንደ ቤት ይከፈልበት።"

አለቃዋ ፊቱን አጠቆረ፤ ኮሚቴው ግን ተቀበላት። ካሳው ተስተካከለ፤ መንገዱም ወደ ማዶ ፈቀቅ አለ። ያም ሆኖ የሥራ ቤቱ አንድ ጥግ መሄዱ አልቀረም።

አናጺው ዶዘር አይነካብኝም ብሎ ግድግዳውን ራሱ ያፈርስ ጀመር። ልጁ በእረፍት ቀኗ አሮጌ ልብስ ለብሳ መጣች። ድንጋይ ሲያቀብላት ቆየና፣

"አሁንም ልክ አይደላችሁም" አላት።

"አንተም አይደለህም" አለችው። "ይሄን የት ላድርገው?"

ከበሩ አጠገብ ያለውን ጥላ አሳያት፤ ድንጋዩ ከብዷት ሲያይ ደግሞ አንዱን ጫፍ ሊይዝላት ከግድግዳው ወረደ።