በደቂቃ ስድሳ ሁለት ቃል

የትምህርት ቤቱ መመሪያ «ተመራጭ ትምህርቶች» ይላል። መራጩ ግን ሚስተር ታርበል ነበር። የተማሪዎች አማካሪ ነው፤ ልጅቱን አየት፣ የአባቷን ሥራ ጠየቅ ያደርግና ቢጫ ካርድ ላይ ዕጣዋን ይጽፍላታል። የሐኪምና የጠበቃ ልጆች ወደ ላይ፣ ወደ ላቲንና ወደ ኬሚስትሪ ይወጣሉ። የምድጃ ፋብሪካው ሠራተኞች ልጆች ወደ ምድር ቤት ይወርዳሉ፤ ወንዱ ወደ እንጨትና ወደ ብረት ሥራ፣ ሴቷ ወደ ስፌት፣ ወደ ባልትና ወይም ወደ ጽሕፈት መኪና። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ ፈገግ እያለ ነው። ቢቆጣ ይሻል ነበር፤ የተቆጣን ሰው መልሰው ይቆጡታል።

አርሊን ሃቭራኔክ የወረደችው ወደ ጽሕፈት መኪናው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከጣሪያው ሥር በተሸነቆረች መስኮት የአላፊ አግዳሚውን ጫማ እያየች ታይፕ መታች። ነርስ መሆን ትፈልጋለች። የነርሶች ትምህርት ቤት ደግሞ ኬሚስትሪ ያልተማረች አይቀበልም፤ ኬሚስትሪ የሚሰጠው ከምሳ በኋላ ብቻ ነው። በግንቦቱ ፈተና በደቂቃ ሃምሳ ቃል የሞላላቸው የታይፕ ልጆች በመጨረሻው ዓመት ከምሳ በኋላ ወደ ምድጃ ፋብሪካው ቢሮ ይላካሉ። አርሊን ስድሳ ሁለት ትመታለች።

«ኬሚስትሪ?» አላት ሚስተር ታርበል፣ የማይበላ ነገር የለመነችው ይመስል። «አባትሽ ምድጃ ቀቢ አይደለም? እዚያው ፋብሪካ፣ ንጹሕ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ቢያይሽ ደስ አይለውም?»

«ነርስ መሆን ነው የምፈልገው፣ ሚስተር ታርበል።»

«ደም አይተሽ ብትወድቂስ?» ሳቀ። «ከሃምሳ በታች ካመጣሽ ከሰዓትሽ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ቦታ ያለበት ክፍል እንከትሻለን፤ ኬሚስትሪም ቢሆን። ግን አንቺ ልትወድቂ? ሚስ ኦግልስቢ እኮ በስምሽ ነው የምትምለው!»

አርሊን ደረጃውን ስትወርድ ወስና ነበር። ትወድቃለች።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ፈተናው አምስት ደቂቃ ነው፤ ለእያንዳንዱ ስሕተት ከጠቅላላው አሥር ቃል ይቀነሳል። ሰባት ስሕተት ከሃምሳ በታች ያወርዳታል።

በፈተናው ዕለት የታይፕ መምህሯ ሚስ ኦግልስቢ እንደ ልማዷ የሰልፍ ሙዚቃ ሸክላ አጫወተች፤ ሠላሳ ልጃገረድ በከበሮው ምት ፊደል በሌለባቸው ጥቁር ቁልፎች ላይ ዘመተች። አርሊን ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። ሁለት ዓመት የተገራ እጅ እንደ ተገራ በቅሎ ነው፤ ገደል ግባ ቢሉት አይገባም። በግድ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ አልፎ አልፎ በቃል መሀል ስምንት ቁጥርን መታች። አንድ። ሁለት። ሰባተኛውን ስትመታ ሸክላውም አምስት ደቂቃውም አለቁ።

ከዚያ ወረቀት ተለዋወጡ፤ እርማቱ የጎረቤት ነው። የአርሊን ጎረቤት ዋንዳ ኮዛክ ናት። የዋንዳ አባት የፋብሪካው አቧራ ሳንባውን በልቶት ከተኛ ሰነበተ፤ ያ የከሰዓት ሥራ ካላገኘች ቤቱ አይቆምም። ምድር ቤት ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፤ ልጃገረድ ልጃገረድን አትቀብርም። የሚከበበው ስሕተት ሌሎችን ለማሳመን የሚበቃው ብቻ ነው።

«ሰባት!» አለች ዋንዳ በሹክሹክታ። «ምን ነካሽ አንቺ? አሞሻል?»

«ክበቢያቸው።»

«ሞቼ ነው!»

«ዋንዲ፣ በእግዜር ይዤሻለሁ፣ ሁሉንም ክበቢያቸው።»

«ዝም በይ፣ ታስበይናለሽ። ይልቅ የእኔን አሳምሪልኝ።»

የዋንዳ ወረቀት አራት ስሕተት ነበረበት። አርሊን አንዱን ብቻ ከበበች፤ ዋንዳ ለጥቂት አለፈች። የአርሊን ወረቀት ላይ ግን ቀይ ምልክት አልነበረም፤ ከላይ «62» ከታች የአራሚዋ ፊርማ፣ «ዋ. ኮ.»።

ክፍሉ ሲወጣ አርሊን ቀረች። የራሴን ብቻ ነው የምናገረው ብላ ነበር። እንዲህ ያለውን ሞኝነት የሚሠራው እውነት የተናገረ ሰው ይለቀቃል ብሎ የሚያምን ብቻ ነው።

«ሚስ ኦግልስቢ፣ የእኔ ወረቀት ላይ ስሕተት ታልፏል። ሰባት ነው።»

ሚስ ኦግልስቢ መነጽሯን አደረገች። አነበበች። ደግማ አነበበች።

«ይኼ ስሕተት አይደለም» አለች።

«እንዴ! ስምንት ቁጥር እኮ ነው፣ በቃል መሀል!»

«የኔ ልጅ፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ስሕተት ሳርም ነው የኖርኩት። የሳተች ጣት አጠገቧ ያለውን ቁልፍ ትመታለች። አንቺ በየአርባ አራት ቃሉ፣ ተራ ጠብቀሽ፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ፈልገሽ መትተሻል። ለመሳት እንኳ ሥርዓት አለሽ።» ወረቀቱን አስቀመጠች። «ለፋብሪካው ስድስት ልጆች ቃል ገብቻለሁ። የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። ስድሳ ሁለት።»

«እኔ መሄድ አልፈልግም!»

«ማን ፈልጎ ያውቃል?» አለች፤ ክፋት አልነበረባትም፤ ድካም እንጂ። ከዚያ ዓይኗ ወደ ፊርማው ወረደ። «ዋንዳ ናት ያረመችሽ? አንቺስ የእሷን?»

ሚስ ኦግልስቢ ከክምሩ የዋንዳን ወረቀት ሳበች። ቀዩ እርሳስ ሦስት ጊዜ ዞረ፤ ዋንዳ ከሃምሳ በታች ወረደች።

በማግስቱ ዋንዳ በአርሊን በኩል አለፈች፤ እንደ ግድግዳ አለፈቻት። ማታ ማታ አላስተኛ አለን እያለች ስታወራላት የነበረው የአባቷ ሳል አሁን በአርሊን ጆሮ ውስጥ ገባ።

የአንደኛዋ ሽልማት የሚስተር ታርበል ረዳት መሆን ነው፤ የመጪውን ዓመት ካርዶች መተየብ፣ እያንዳንዱን በሦስት ቅጂ፣ በካርቦን። ሽልማት ይሉታል። አርሊን ከዝርዝሩ እያየች ስትመታ የዋንዳ ኮዛክ ስም ላይ ደረሰች። «ከሰዓት፦ ኬሚስትሪ።»

ቆመች። አማካሪው ባዶ ቦታ ፈልጎ፣ ያገኘበት ከትቷታል።

ሚስተር ታርበል በመስኮቱ ቆሞ ፒፓውን ያጨሳል። አርሊን ሁለት ካርድ አዘጋጀች። በዋንዳ ካርድ ላይ «ከሰዓት፦ ፋብሪካ ቢሮ» ብላ መታች። በራሷ ላይ «ከሰዓት፦ ኬሚስትሪ»። ሁለቱም ንጹሕ ነበሩ፤ አንድ ፊደል አልሳተችም።

መጥቶ በትከሻዋ በኩል አየ። አልተቆጣም።

«አየሽ፣ ሁለቱን አምታታሻቸው» አለ፣ ፈገግ ብሎ።

«አላምታታሁም፣ ሚስተር ታርበል። እሷ ሥራው ያስፈልጋታል። እኔ ደግሞ—»

«አይዞሽ፣ ማንም ይሳሳታል።» ካርዶቹን ከነቅጂያቸው ለሁለት ቀደዳቸው፤ አዲስ ቢጫ ካርድም ራሱ ማሽኑ ውስጥ አስገብቶ ጥቅልሉን አዞረላት። «ቀስ ብለሽ።»

እስክትጨርስ ከኋላዋ ቆመ። ትንባሆው ይሸታል። አርሊን በቤተሰቧ ስም ጀመረች፤ ጣቶቿ ሳትነግራቸው ሄዱ፣ ሃቭራኔክ፣ አርሊን፣ ከሰዓት፣ ፋብሪካ ቢሮ፤ አንድም ሳይስቱ።